ዘመን የተሻገሩ ፊልሞችን በዝርዝር ይዞ የማየትና ምላሽ የመጻፍ መመሪያ

ይህ መመሪያ ዘመን የተሻገሩ ፊልሞችን በዝርዝር ይዞ አንድ በአንድ ለማየትና ከእያንዳንዱ በኋላ የራሱን ምላሽ ለመጻፍ ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም ከጎረቤትና ከጓደኛ ጋር ተሰብስቦ ለሚያይ ሰው የተዘጋጀ ነው። የተጻፈው እዚህ ሐዋሳ ስለሆነ ስለ ሰዓት፣ ስለ መብራትና ስለ ኢንተርኔት የሚሰጠው ምክር ከዚህ ከተማ ኑሮ የተነሣ ነው፤ ስለ ፊልሞቹ የሚነገረው ግን የትም ሆኖ ለሚያይ ሰው ያገለግላል። የፊልሞቹ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት የመመሪያው መሠረት የሆነውን ሐሳብ ላስቀምጥ። ታላቅ የተባለ ፊልም ወደ ተመልካቹ የሚመጣው ዝናውን ተሸክሞ ነው፤ ተመልካቹም ብዙ ጊዜ ምላሽ የሚሰጠው ለዚሁ ዝና ነው፤ ወይ ከሌሎች ጋር ተስማምቶ ያደንቃል፣ ወይ ተበሳጭቶ ያጣጥላል፤ በሁለቱም መንገድ ፊልሙ ራሱ ሳይታይ ያልፋል። ምላሽ ዋጋ የሚኖረው በስክሪኑ ላይ የታየን ወይም የተሰማን አንድ የተወሰነ ነገር ለይቶ ማመልከት ሲችል ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች፣ ስለ ባትሪና ስለ ቡና የሚናገሩት ሳይቀሩ፣ ይህን ለማስቻል የተቀመጡ ናቸው።

1. ዝርዝሩን ማበጀት

ዝግጁ የሆነ ዝርዝር ወስዶ ከላይ እስከ ታች መውረድን አልመክርም። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ዝርዝሮች ከፍተኛ ክብር ያለው የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ከ1952 ጀምሮ በየአሥር ዓመቱ የሐያስያንን ድምፅ እየሰበሰበ የሚያወጣው ነው። በ1952 አንደኛ የወጣው የጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ሲሆን ፊልሙ ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ከ1962 እስከ 2002 በተደረጉት አምስት ምርጫዎች የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ቦታውን ይዞ ቆየ፤ በ2012 የአልፍሬድ ሂችኮክ «ቨርቲጎ»፣ በ2022 ደግሞ ቤልጅየማዊቷ ሻንታል አከርማን በ1975 የሠራችውና ከሦስት ሰዓት በላይ የሚፈጀው «ዣን ዲልማን» አንደኛ ሆኑ። ሥራቸው ፊልም ማየት የሆነ ሰዎች እንኳ በየትውልዱ ሐሳባቸውን የሚለውጡ ከሆነ፣ ሐዋሳ ተቀምጦ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ከታዋቂ ዝርዝር ላይ ፊልም ቢያነሣና ቢጨምር ድፍረት ሊባል አይገባም። የአሜሪካ ፊልም ኢንስቲትዩት የሚያወጣው የመቶ ፊልሞች ዝርዝር ደግሞ የአሜሪካን ፊልሞች ብቻ የሚይዝ ስለሆነ፣ እርሱን ብቻ የተከተለ ሰው ከአፍሪካ፣ ከሕንድና ከጃፓን አንድም ሥራ ሳያይ ዓመቱን ይጨርሳል።

ለመጀመሪያ ጊዜ አሥራ ሁለት ፊልም ይበቃል። በሁለት ሳምንት አንድ ፊልም ቢታይ ዝርዝሩ በስድስት ወር ገደማ ያልቃል፤ በሳምንት አንድ ማየትም ይቻላል፣ ነገር ግን ምላሽ ለመጻፍና ለማሰላሰል የሚቀረው ጊዜ ያጥራል። መቶ ፊልም የያዘ ዝርዝር ግድግዳ ላይ ከመለጠፍ አሥራ ሁለቱን መፈጸም እጅግ ይሻላል። ሲመርጡ ከአንድ አገር ከአራት ፊልም በላይ አይውሰዱ፤ ቢያንስ ሦስቱ የአፍሪካ ይሁኑ፤ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ሰብታይትል የማያስፈልገው የአማርኛ ፊልም ይሁን።

እኔ የምመክረው ዝርዝር ይህ ነው። የበስተር ኪተን «ሸርሎክ ጁኒየር» (1924)፣ የቻርሊ ቻፕሊን «የከተማ መብራቶች» (1931)፣ «የብስክሌት ሌቦች» (1948)፣ የሲድኒ ሉሜት «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» (1957)፣ የአኪራ ኩሮሳዋ «ራሾሞን» (1950)፣ የግብፃዊው ዩሱፍ ሻሂን «የካይሮ ጣቢያ» (1958)፣ የሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን «ጥቁሯ ልጅ» (1966)፣ የሕንዳዊው ሳትያጂት ራይ «ፓተር ፓንቻሊ» (1955)፣ የኩሮሳዋ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954)፣ የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» (1976)፣ «ሲቲዝን ኬን» (1941)፣ በመጨረሻም የያሱጂሮ ኦዙ «የቶክዮ ታሪክ» (1953)።

2. ቅደም ተከተሉን ማስተካከል

ከላይ ያለው ዝርዝር የዓመታትን ቅደም ተከተል እንደማይከተል ልብ ይበሉ። በዓመት ተራ የሚጀምር ሰው ከ1895ቱ የሉሚየር ወንድማማቾች ሥራዎች ተነሥቶ ብዙ ድምፅ አልባ ፊልም በተከታታይ ማየት ይኖርበታል፤ ለጀማሪ ቡድን ይህ ከባድ ነው። የተሻለው መንገድ ዓይንን ቀስ በቀስ ማለማመድ ነው። «ሸርሎክ ጁኒየር» አርባ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ የሚፈጅ፣ ንግግር የሌለው፣ አንድ የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች በሕልሙ ወደሚያሳየው ፊልም ውስጥ ሲገባ የሚያሳይ ኮሜዲ ስለሆነ ሕፃንም አዛውንትም እኩል ይከተለዋል። «የከተማ መብራቶች» በወጣበት በ1931 ፊልሞች መናገር ከጀመሩ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ቻፕሊን ግን ሙዚቃውን ራሱ ደርሶ ንግግሩን ተወ። ሁለቱን ተከታትሎ ያየ ሰው ዓይኑ የሰው ፊት ለሚናገረው ነገር ይነቃል።

ከዚያ በኋላ ፊልሞቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማየት ጠቃሚ ነው፤ አንዱ ለሌላው ጥያቄ ያነሣልና። «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» ከሞላ ጎደል በአንድ ክፍል ውስጥ ስለ ምስክርነት የሚደረግ ክርክር ነው፤ በ1951 የቬኒስን ታላቅ ሽልማት የወሰደው «ራሾሞን» ደግሞ አንድን ድርጊት እርስ በርሳቸው በሚቃረኑ ምስክሮች አፍ እየደጋገመ ያቀርበዋል። የመጀመሪያው ሰዎች ተነጋግረው ወደ እውነት ሊጠጉ እንደሚችሉ ያምናል፤ ሁለተኛው በዚህ እምነት ላይ ጥያቄ ያነሣል። በሁለት ተከታታይ ጊዜ ያየ ቡድን ለክርክር ሌላ ርእስ አያስፈልገውም።

ከሁሉም ጥንዶች ግን እኔ ትልቅ ግምት የምሰጠው «ሰባቱ ሳሙራይ»ን እና «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ጎን ለጎን ማየትን ነው። በጃፓኑ ፊልም የአንድ መንደር ገበሬዎች ሰብላቸውን ከሽፍቶች ለማዳን ተዋጊ ይቀጥራሉ፤ በኢትዮጵያዊው ፊልም ሰብሉን የሚወስደው ከደጃፉ ሆኖ የሚያዝ ባለርስት ነው። ኩሮሳዋ ጦርነቱን በዝናብና በጭቃ ውስጥ በፈጣን ቅንብር ያሳያል፤ ኃይሌ ገሪማ፣ በአሜሪካ የፊልም ትምህርት በተከታተለበት ዘመን ወደ አገሩ ተመልሶ በቀረጸው በዚህ ጥቁርና ነጭ ሥራ፣ ካሜራውን ገበሬው በሚደክምበት ፍጥነት ልክ ያዘገየዋል። ስለ ምርትና ስለ ወሳጁ የተነገሩ ሁለት ታሪኮች እንዴት በሁለት የተለያየ የጊዜ ስሜት እንደተሠሩ ማስተዋል፣ ስለ ፊልም ቋንቋ ከሚጻፍ ብዙ ማብራሪያ በላይ ያስተምራል። የመጀመሪያው 207 ደቂቃ የሚፈጅ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ራሱ ባስቀመጠው የዕረፍት ቦታ ላይ ቆርጠው በሁለት ምሽት ይዩት።

«ሲቲዝን ኬን» ወደ መጨረሻ የተገፋው ሆን ተብሎ ነው። ዝናው ከሁሉም ከባድ ነው፤ ስለዚህ ዓይኑ የሠለጠነ ተመልካች ያስፈልገዋል። የካሜራ ባለሙያው ግሬግ ቶላንድ ከቅርብ ያለውንም ከሩቅ ያለውንም እኩል ጥርት አድርጎ የቀረጸባቸውን ትዕይንቶች፣ አሥር ፊልም ያየ ሰው ማንም ሳይነግረው ያስተውላቸዋል።

3. ፊልሙን ማግኘትና ማዘጋጀት

በአሜሪካ ሕግ መሠረት በ1929 እና ከዚያ በፊት የወጡ ፊልሞች የቅጂ መብታቸው ያለቀ ስለሆነ «ሸርሎክ ጁኒየር»ን የመሳሰሉትን ኢንተርኔት አርካይቭ ከተባለው ድረ ገጽ በነፃ ማውረድ ይቻላል። መብታቸው ያልተጠናቀቀውን በክፍያ ከሚያቀርቡ ድረ ገጾች ወይም ከኦሪጅናል ዲስክ ማየት ይገባል። ሁለት ሰዓት የሚሆን ፊልም በመካከለኛ ጥራት አንድ ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የኢንተርኔት ፓኬጅዎን በሌሊት ተጠቅመው ቀደም ብለው ያውርዱ እንጂ ሰው ከተሰበሰበ በኋላ እየተቆራረጠ እንዲጫወት አያድርጉ። ጥቁርና ነጭ ፊልም ከመጠን በላይ ሲታመቅ ጨለማው ክፍል ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል፤ «ራሾሞን» ውስጥ ፀሐይ በቅጠሎች መካከል የምትገባበት ትዕይንት በእንዲህ ዓይነት ቅጂ ሲታይ ዋናው ነገር ይጠፋል።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ጉዳይ የምስሉ ቅርጽ ነው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩት ፊልሞች ምስላቸው ወደ አራት ማዕዘን የሚጠጋ ነው፤ የዛሬ ቴሌቪዥን ግን ወደ ጎን ይለጥጣቸዋል፣ ፊቶችም ይወፍራሉ። በቴሌቪዥኑ ቅንብር ገብተው ምስሉን ወደ 4 ለ 3 ይመልሱት፤ በግራና በቀኝ የሚቀረው ጥቁር ቦታ ጉድለት አይደለም። ቴሌቪዥኑ እንቅስቃሴን «የሚያለሰልስ» ምርጫ ካለውም ያጥፉት፤ በሰከንድ 24 ምስል የተቀረጸን ፊልም የስቱዲዮ ድራማ ያስመስለዋል።

ሰብታይትል ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በቡድኑ ውስጥ እንግሊዝኛ በፍጥነት የማያነብ ሰው ካለ፣ አንድ ሰው ጎኑ ተቀምጦ በሹክሹክታ እየተረጎመ ፊልሙን መጨረስ ለሁለቱም ጉዳት ነው፤ አንዱ አያይም፣ ሌላው የሚሰማው የጓደኛውን ፊልም ነው። የተሻለው መንገድ የአማርኛ ሰብታይትል ማዘጋጀት ሲሆን ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። የኤስአርቲ ፋይል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፦ ለእያንዳንዱ ንግግር ተራ ቁጥር፣ ከሥሩ ጽሑፉ የሚታይበትና የሚጠፋበት ሰዓት፣ ቀጥሎ የሚነበበው ጽሑፍ፣ ከዚያም አንድ ባዶ መስመር ይኖረዋል። የእንግሊዝኛውን ፋይል በኖትፓድ ከፍተው ሰዓቶቹን ሳይነኩ ንግግሩን ብቻ በአማርኛ ይተኩ፤ ሲያስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ይምረጡ፣ አለዚያ ፊደሉ ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። ፋይሉን በፊልሙ ስም ሰይመው በዚያው ፎልደር ካስቀመጡት ቪኤልሲ የተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ራሱ ያገኘዋል። በፊደል ምትክ ሳጥን ከታየ የሰብታይትሉን ፎንት የግእዝ ፊደል ወዳለው ይቀይሩ፤ ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ «ጂ»ና «ኤች» በሚሉት ቁልፎች በጥቂት በጥቂቱ ይስተካከላል። አንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አያሳዩ፤ አማርኛው ከረዘመ ንግግሩን ማሳጠር እንጂ ፊደሉን ማሳነስ መፍትሔ አይሆንም። ለልምምድ የድምፅ አልባ ፊልም ጽሑፎች በጣም ምቹ ናቸው፤ ጥቂት ስለሆኑ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠናቀቃሉ። በቡድኑ ውስጥ ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ወጣት ካለ ይህን ሥራ ይስጡት፤ ፊልሙን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እርሱ ይሆናል።

4. ቦታና ሰዓት

በሐዋሳ ከሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ለጥቁርና ነጭ ፊልም አይመችም፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት አይጀምሩ። ወደ ሐይቁ የቀረበ ሰፈር የሚኖሩ ከሆነ ከመምሸቱ በፊት መስኮት መዝጋት አለባችሁ፤ እግሩን ከወባ ትንኝ የሚከላከል ሰው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ማቆየት አይችልም። ቅዳሜና እሑድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ስላለ ግማሹ ሰው ልቡ እዚያ ይሆናል፣ ከጎረቤት የሚመጣው ጩኸትም ቀላል አይደለም፤ ሐሙስ ምሽት ለአብዛኛው ሰው ነፃ ነው።

ፕሮጀክተር ለሚጠቀም የማያንጸባርቅ ቀለም የተቀባ ነጭ ግድግዳ ወይም ተወጥሮ የተሰቀለ አቡጀዴ ይበቃል። ላፕቶፑንና ስፒከሩን ሙሉ በሙሉ ቻርጅ አድርገው ይጀምሩ። መብራት ቢጠፋና ባትሪውም ቢያልቅ የቀረውን በስልክ አይጨርሱት፤ ደቂቃውን ጽፈው ያቁሙና በሌላ ቀን ከዚያ ትዕይንት መጀመሪያ ይቀጥሉ።

ቡና የሚፈላው ከፊልሙ በኋላ ነው። በፊልሙ መካከል ከተፈላ የምታፈላዋ ሴት ጀርባዋን ለስክሪኑ ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ሌላው ሁሉ ሲያይ እርሷ ሳታይ ትቀራለች፤ በውይይቱም ጊዜ ዝም ለማለት ትገደዳለች። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በቤታቸው ፊልም የሚያዩ ሁሉ በጥብቅ እንዲያስቡበት እፈልጋለሁ።

5. ከፊልሙ በፊት የሚነበበው ግማሽ ገጽ

ስለ ፊልሙ የተጻፈ ግምገማ አስቀድሞ ማንበብ ምላሽን ያበላሻል፤ ምንም ሳያውቁ መቀመጥ ደግሞ በማያስፈልግ ግራ መጋባት ጊዜን ያባክናል። መካከለኛው መንገድ አንድ ሰው ግማሽ ገጽ አዘጋጅቶ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ገጹ ፊልሙ የተሠራበትን አገርና ዘመን፣ ተመልካቹ ካላወቀው ታሪኩን መከተል የማይችልበትን ሥርዓት፣ ከተቻለም ስለ አሠራሩ አንድ እውነት ይያዝ። ስለ ታሪኩ ፍጻሜ፣ ስለ ሽልማትና ስለ «ታላቅነት» ምንም አይበል።

ለምሳሌ በእኛ አገር ፍርድ የሚሰጠው ዳኛ ነው። ስለዚህ «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» ከመታየቱ በፊት በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የተከሰሰን ሰው ጥፋተኝነት አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች እንደሚወስኑና ውሳኔያቸውም በሙሉ ድምፅ መሆን እንዳለበት ካልተነገረ፣ አንድ ሰው ለምን አሥራ አንዱን ማስቆም እንደቻለ አይገባም። ለ«የብስክሌት ሌቦች» ከጦርነቱ በኋላ በሮም የነበረው ሥራ አጥነትና ዋናውን ገጸ ባሕርይ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ እንጂ ተዋናይ እንዳልነበረ መናገር በቂ ነው። ለ«ጥቁሯ ልጅ» ሴኔጋል ነፃ የወጣችው በ1960 መሆኑና ፊልሙ ከዚያ ስድስት ዓመት በኋላ መውጣቱ፣ ሴምቤንም ፊልም ከመሥራቱ በፊት በማርሴይ ወደብ የጉልበት ሠራተኛ፣ ከዚያም ደራሲ እንደነበረ መጥቀስ ያስፈልጋል።

6. በማየት ላይ ሳሉ

ስልክ ይጥፋ፤ ፊልሙ አይቁም፤ ማንም አያብራራ። ማስታወሻ መያዝ የሚፈልግ ሰው በጨለማ ውስጥ ደቂቃውንና አንድ ቃል ብቻ ይጻፍ።

7. የመጀመሪያው ምላሽ

መጨረሻው ጽሑፍ ሲያልፍ መብራት ይበራል፤ ለአሥር ደቂቃ ግን ማንም አይናገርም። የመመሪያው እምብርት ይህ ነው። የመጀመሪያው ተናጋሪ «ግሩም ነው» ወይም «ይደብራል» ካለ በኋላ የሌሎቹ ስሜት ወደዚያ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ቃል ከመተንፈሱ በፊት በደብተሩ ላይ ይጻፍ። መጻፍ የማይወድ ወይም የማይችል ሰው ወደ በረንዳ ወጥቶ በስልኩ ድምፁን ይቅዳ፤ የተቀዳ ድምፅ እንደ ጽሑፍ ይቆጠራል።

የሚመለሱት ጥያቄዎች አራት ናቸው። ዓይንዎን ሲጨፍኑ የሚመጣው ምስል የትኛው ነው? ይሆናል ብለው ጠብቀው ያልሆነው ነገር ምንድን ነው? ትኩረትዎ የጠፋው የት ላይ ነው? ዳይሬክተሩ ሌላ አማራጭ እያለው ሆን ብሎ የመረጠው ምን ይመስልዎታል? «ወደድሁት ወይስ አልወደድሁትም» የሚለውን ጥያቄ ሆን ብዬ አላስገባሁትም፤ አራቱ ከተመለሱ እርሱ ራሱ መልስ አግኝቶ ይገኛል።

በመልካምና በደካማ ምላሽ መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት «የብስክሌት ሌቦች»ን ልውሰድ። «ፊልሙ ድህነትን በደንብ ያሳያል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ፊልሙን ያላየ ሰውም ሊጽፈው ይችላል። ከዚህ ጋር የሚከተለውን ያነጻጽሩ፦ «ሚስቲቱ አንሶላዎቹን ካስያዘች በኋላ ሠራተኛው ጥቅሉን ተሸክሞ መደርደሪያውን መውጣት ጀመረ። ካሜራው ሲከተለው መደርደሪያው ወደ ጣሪያው እስኪደርስ በሌሎች ሰዎች አንሶላ የተሞላ ነበር። ማንም ምንም አልተናገረም። እስከዚያ ድረስ የማየው የአንድ ቤተሰብ ችግር ነው ብዬ ነበር።» ይህ ምላሽ አንድን ቀረጻ ይጠቅሳል፤ ካሜራው ምን እንዳደረገ ይናገራል፤ በተመልካቹም ላይ የመጣውን ለውጥ በትክክለኛው ቦታ ያስቀምጣል። ሐዋሳ ብስክሌት የሚበዛባት ከተማ ስለሆነች፣ ብስክሌቱ ወይም ባጃጁ የዕለት እንጀራው የሆነ ሰው ደግሞ ፊልሙ ላይ ሌላ ተመልካች የማይጨምረውን ይጨምራል፤ ለምሳሌ አባትየው ብስክሌቱን የት እንዳቆመና ዓይኑን መቼ እንዳነሣ በደቂቃ ሊነግራችሁ ይችላል። እንዲህ ያለውን እውቀት በደብተር ማስፈር ይገባል።

8. ውይይቱ

በእኛ ባህል ታላቅ ቀድሞ ይናገራል፤ በፊልም ውይይት ላይ ግን ይህ ሥርዓት በመከባበር መገልበጥ አለበት። አባት ወይም መምህር ሐሳቡን ከሰጠ በኋላ ታናሹ ተቃራኒውን ለመናገር ያፍራል፤ ያየውንም ይውጣል። ስለዚህ ከሁሉም ታናሽ የሆነው ይጀምር፣ ታላቁ ይጨርስ። ታላላቆቹ ይህን እንደ ንቀት እንዳይቆጥሩት በመጀመሪያው ምሽት ምክንያቱን አስረድቶ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የመደምደሚያው ቃል የእርሳቸው እንደሆነ ሲያውቁም አብዛኛውን ጊዜ በደስታ ይቀበሉታል።

በመጀመሪያው ዙር እያንዳንዱ ሰው ከጻፈው ውስጥ ያየውን ወይም የሰማውን አንድ ነገር ብቻ ያነብባል፤ ፍርድ አይሰጥም። ክርክር የሚከፈተው በሁለተኛው ዙር ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ትዕይንት ካልተስማሙ ትዕይንቱን መልሶ ማጫወት እንጂ ድምፅን ከፍ ማድረግ ምንም አይፈታም፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያላዩት ሦስተኛ ነገር ይወጣል። «አሥራ ሁለቱ ቁጡ ሰዎች» ላይ ክፍሉ እየጠበበ የመጣ መስሎት የሚናገር ሰው በየቡድኑ አይጠፋም። ያኔ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ለጥቂት ደቂቃ ጎን ለጎን ይዩት፤ ሉሜት ታሪኩ በገፋ ቁጥር ካሜራውን ከዓይን ከፍታ በላይ ጀምሮ ወደ ታች እያወረደ፣ ሌንሱንም እያስረዘመ ስለሄደ ጣሪያው ይታያል፣ ግድግዳውም ወደ ሰዎቹ ይቀርባል። ይህን ከመጽሐፍ ከማንበብ በፊት ራስ ላይ ተሰምቶ ማግኘት ሌላ ነው።

«ጥቁሯ ልጅ» ለሚታይበት ምሽት የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፊልሙ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው፤ ከዳካር ወደ ፈረንሳይ ለሞግዚትነት ተብላ ሄዳ በአንድ አፓርታማ ውስጥ አብሳይና ጽዳት ሠራተኛ ሆና የምትቀር የዲዋና የተባለች ወጣት ታሪክ ነው። እኅቱ ወይም ልጁ ቤሩት ወይም ሪያድ ያለች ሰው በክፍሉ ውስጥ መኖሩ የማይቀር ስለሆነ፣ ፊልሙ ከባድ እንደሆነ አስቀድመው ይንገሩት፤ ላለማየት ቢመርጥም ያክብሩለት። ከፊልሙ በኋላ ወሬው ወደ ዘመድና ወደ ደላላ፣ ወደ ስልክና ወደ ሐዋላ ይሄዳል፤ አይከልክሉት፣ ፊልሙ የነካው ይህንኑ ነውና። ሰዎች የሆዳቸውን ከተናገሩ በኋላ ግን ወደ ስክሪኑ ይመልሷቸው። ዲዋና ለአሠሪዎቿ አፏን ከፍታ የምትናገረው እጅግ ጥቂት ሲሆን እኛ ሳናቋርጥ የምንሰማው የውስጥ ድምፅዋን ነው፤ ያ ድምፅ የሌላ ሴት መሆኑን፣ ተዋናይቷ ምቢሲን ቴሬዝ ጆፕ ስትሆን ድምፁ የቶቶ ቢሳንት መሆኑን፣ ከውይይቱ በኋላ መንገር ይቻላል። ለአሠሪዎቿ የሰጠችው የእንጨት ጭምብል በዳካር የት፣ በፈረንሳይ በየትኛው ግድግዳ ላይ፣ ከዚያም በማን እጅ እንደሚታይ ቡድኑ ተራ በተራ ያስታውስ። ጭምብሉን ብቻ ተከትሎ ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር ይቻላል፤ ሴምቤን ንግግርን እንዲህ በመቆጠቡ ፊልሙ ለእኔ በዝርዝሩ ካሉት ሁሉ እጅግ የተጨመቀው ነው።

9. መሰልቸትን በአግባቡ መያዝ

አንዳንዱ ፊልም ይሰለቻል፤ ይህንም መጻፍ ይገባል፤ ግን መቼና ምን በመጠበቅ ላይ ሳሉ እንደሰለቹ ይጻፍ። በ«የቶክዮ ታሪክ» አንድ ሽማግሌና ሚስቱ ከክፍለ ሀገር ተነሥተው ዋና ከተማ ያሉ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ ልጆቹ ሥራ ይበዛባቸዋል። በኦዙ ፊልም ካሜራው ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው በሚያይበት ከፍታ ይቆማል፣ ከሞላ ጎደልም አይንቀሳቀስም፤ በትዕይንቶች መካከል ሰው የሌለበት መተላለፊያ ወይም ጭስ ማውጫ ይታያል። ፈጣን ቅንብር የለመደ ሰው እዚያ ላይ ይቁነጠነጣል። «ሰው የሌለበት ቦታ ሲያሳይ ቀጥሎ ምን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ምንም አልመጣም» ብሎ የጻፈ ሰው ፊልሙን በትክክል እያየ ነው፤ ከክፍለ ሀገር እናትና አባቱን ተቀብሎ ሥራ የበዛበት ሰው ደግሞ ያ ባዶ ጊዜ ምን እንደሆነ ራሱ ያውቀዋል።

ፊልሙ ከአንድ ሦስተኛው በኋላም ምንም ካልያዝዎት አቁመው በሌላ ቀን ከመጀመሪያው ይሞክሩት። ሁለተኛው ሙከራም ካልተሳካ ምክንያቱን ጽፈው ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ ፊልሙ ከዝርዝሩ አይሰረዝም፣ «ያልተጠናቀቀ» ተብሎ ይቆያል። የትወናው ዘዴ እንግዳ ሲሆን፣ ለምሳሌ «ራሾሞን» ውስጥ ሽፍታው ከልክ በላይ ሲስቅና ሲወራጭ፣ ለመሳቅ ከመቸኮል በፊት ሌሎቹ ተዋንያንም እንዲሁ መሆናቸውንና በየትኛው ምስክር ታሪክ ውስጥ እንደሚብስ ማየት ይገባል።

10. ሁለተኛው ምላሽ

ከአንድ ሳምንት በኋላ ደብተሩን ከፍተው ከመጀመሪያው ምላሽ ሥር አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። የመጀመሪያውን አያርሙ፣ አይሰርዙ። በሳምንቱ ውስጥ በሥራ ላይ ወይም በመንገድ ላይ ሳሉ የመጣብዎት ትዕይንት የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ምሽት ከተጻፈው የተለየ ይሆናል። ሐያስያን የጻፉትን ማንበብ የሚፈቀደው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያኔ ከእነርሱ ጋር መስማማትም መከራከርም የሚችሉበት የራስዎ ነገር አለ።

ነጥብ መስጠትን እስከ መጨረሻው ያቆዩት። በየሳምንቱ ከአሥር ስንት እያሉ መስጠት ያለፈውን ሳምንት ነጥብ በመጠበቅ ላይ የተመሠረተ ፍርድ ያስለምዳል።

11. አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ

ደብተሩን ሳይከፍቱ አሥራ ሁለቱን ፊልሞች ከትዝታ በደረጃ ይጻፏቸው፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍተው ያነጻጽሩ። በመጀመሪያው ምሽት የተወደደው ወደ ታች መውረዱ፣ የሰለቸው ደግሞ ወደ ላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ቦታው እጅግ የተለወጠውን አንድ ፊልም በድጋሚ ማየት ከአዲስ ፊልም ይበልጣል።

ሁለተኛው ዝርዝር ከዚሁ ደብተር ይወጣል። ኩሮሳዋን የወደደ ሰው «ኢኪሩ»ን (1952) ይጨምር፤ ሴምቤን የያዘው በወሎፍ ቋንቋ ወደተሠራው «ማንዳቢ» (1968) ይለፍ፤ ከኃይሌ ገሪማ ደግሞ በ2008 በቬኒስ የተሸለመው «ጤዛ» ይቀጥላል። ያልተጠናቀቁት ፊልሞች በአዲሱ ዝርዝር መካከል ይገባሉ እንጂ መጀመሪያ ላይ አይቀመጡ። አዲሱን ዝርዝር የሚያወጣው ደግሞ የመጀመሪያውን ያወጣው ሰው ሳይሆን ሌላ የቡድኑ አባል፣ ቢቻል በውይይቱ ላይ ብዙ ጊዜ የተቃወመው ይሁን።